አዲሱ መዝሙር የከሸፈበት ቅዳሜ

ይህን ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስጽፈውም ራሴን ላስምር ብዬ አይደለም። አንብባችሁ ስትጨርሱ ብትሰድቡኝ አልቀየማችሁም፤ እኔም ራሴን ስሰድብ ነው የከረምኩት።

ባሌ ሮቤ ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሞተሩን የማስነሳው፣ ቺንጋውን የምቀይረው፣ ከባለ ማዳበሪያው ሁሉ ጋር የምጨቃጨቀው እኔው ነኝ። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት የቆየ ሰው ሲያወራ ይጮኻል፤ ሌላው የሚለውን ደግሞ በጆሮው ሳይሆን በዓይኑ ነው የሚሰማው። ገበሬው ስንዴው ይላም ይበል ወይም ሸከር ይበል፣ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ከንፈሩን አይቼ ነው የምለየው። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ለእኔ ልዩነት የለውም።

ሌላው ኑሮዬ መዝሙር ነበር። በትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ስምንት ሆነን እንዘምራለን፤ አንዳችንም ሙዚቃ አልተማርንም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን እንለማመዳለን እንጂ። እኔ አሥራ ስምንት ዓመት አውጪ ነበርኩ፤ የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻዬን አወጣለሁ፣ ሌሎቹ ይቀበሉኛል። ድምፄ ያምር ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ። አንዱ ሲያበላሽ «ጉሮሮህን ወፍጮ ቤት አምጣውና አልሜ ልፍጭልህ» ስል ሁሉም ይስቃል። እኔ ያወጣሁት ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም ካለ ጥፋቱ የኪቦርዱ ነው። እንደዚያ አስለምጃቸው ነበር።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ጆሮዬን እንደ ንብ ጢዝዝ ይለኝ ጀመር። ጎባ ሄጄ ብመረመር ሐኪሙ በደንብ እንዲገባኝ ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። የግራው አልቋል፤ የቀኙም ቀጭን ድምፅ መስማት አቁሟል፤ ምክንያቱ ወፍጮው ነው፤ አይመለስም። «መዝሙሬስ?» አልኩት። ሰውየው ትከሻውን ነቀነቀ። ለማንም ሳልናገር ወረቀቱን አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ባሌን ቀብሬአለሁ፣ ልጅ የለኝም፤ ሰው «እትዬ ወይንሸት» ብሎ የሚያከብረኝ በዚያች ድምፅ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የቆዩትን መዝሙሮች ስዘምር ማንም አልነቃብኝም። ጉሮሮዬ ለምዷቸዋል፤ ሰው በገዛ ቤቱ መብራት ጠፍቶበት ውሃ ቀድቶ እንደሚጠጣው ነው። መከራዬ የመጣው ከአዲሱ መዝሙር ጋር ነው።

አዲሱን የደረሰችው ጫልቱ ናት። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ወላጆቿ ብድሬ በምትባል ከተማ ነው የሚኖሩት፤ እሷ ሮቤ ቤት ተከራይታ ሕፃናት ታስተምራለች። ሲበዛ ዝምተኛ ናት። እኔን «አዳዳ» ትለኛለች፣ በኦሮምኛ አክስቴ እንደማለት። ዲንሾ የሚያስተምር አንድ ልጅ ሽማግሌ ልኮባት ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆርጦ ነበር። መዝሙሩ ከላይ ነው የሚጀምረው፣ በቀጭኑ። ማውጣት የነበረባት እሷ ናት። እኔ ግን «አዲስ መዝሙር ያለ እኔ ወጥቶ ያውቃል?» አልኩ፤ የተከራከረኝም የለም።

መዝሙሩ አልያዝ ሲለኝ ጫልቱን በስውር ጠራኋት። እሷ ከቅዳሜ ከሰዓት ሌላ ጊዜ የላትም፣ ያ ደግሞ የልምምድ ሰዓት ነው። እኔ ሞተር ተበላሸብኝ ብዬ ቀረሁ፣ እሷ አሞኛል ብላ ቀረች። በጎባ መንገድ በባጃጅ ወፍጮ ቤት መጣች። ሞተሩን አጥፍቼ እውነቱን ነገርኳት። አፏን ወደ ቀኝ ጆሮዬ አስጠግታ፣ እጄን ወስዳ ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ፣ እስኪመሽ አስጠናችኝ። ስትሄድ እጇን ይዤ «ለማንም እንዳትናገሪብኝ፣ ማሎ፣ እባክሽ» አልኳት።

«ቃሌ ነው፣ አዳዳ» አለችኝ።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት ነው ነገሩ የመጣው። ጎባ ያለች አንዲት እህት ቤተ ክርስቲያን እሑድ አዲስ አዳራሽ ታስመርቃለች፤ ሦስት መዝሙር እንድናቀርብ ተጋብዘናል፣ ሁለት የቆየና አንድ አዲስ። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ለመጨረሻው ልምምድ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ክፍል ተሰበሰብን። እሑድ የምንለብሰውን ሰማያዊ ጋዋንም ለብሰን ነበር። መሪያችን ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ሲበዛ ጥብቅ፣ ሲበዛ ሐቀኛ።

ሁለቱን የቆዩ መዝሙሮች ዘመርን። እንዴት አማረ መሰላችሁ! ጋሽ ቶሎሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይወዘውዛሉ። ከዚያ ወደ አዲሱ ሄድን። ኪቦርድ የሚመታልን ናቲ መነሻውን ሰጠኝ፤ ጣቱን አየሁት እንጂ ድምፁን አልሰማሁትም። በግራዬ የቆመችው ጫልቱ በክርኗ ነካ አድርጋ አስጀመረችኝ። አወጣሁ። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው እኔን ተከተሉ፣ ኪቦርዱ ሌላ አገር ሄደ፣ አዝማቹ ላይ ስንደርስ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ። ቆምን። ደገምን። አምስት ጊዜ ሞክረን አምስት ጊዜ ተበተነ።

«ኪቦርዱ ነው» አለ ናቲ ላብ እያጠመቀው። ገመዱን ቀየረ፣ አጥፍቶ አበራው። በመጨረሻ ኪቦርዱ ላይ እጅ ተጭኖ ተጸለየበት። አትሳቁ፣ እኔም እጄን ጭኛለሁ።

ከጸሎቱም በኋላ ያው ሆነ። ጋሽ ቶሎሳ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ልጆች» አሉ፣ «አሮጌው እንዲያ እያማረ አዲሱ ለምን ይበላሻል? ድምፃችን ያው ነው፣ ሰዎቹ እኛው ነን። ስለዚህ ችግሩ የድምፅ አይደለም። በመካከላችን የተሸሸገ ነገር አለ። እሱ ሳይወጣ ጎባ ሄደን በእግዚአብሔር ፊት አንቆምም።»

ከእኛ ውጭ ላለ ሰው ይህ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ የታወቀ ሥርዓት ነው፤ የተቀያየመ ሳይታረቅ መዝሙር አይዘመርም። ብዙ ጊዜ መልካም ሥርዓት ነው። ጋሽ ቶሎሳ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ስልኮቻችን በሰፌድ ተሰበሰቡ። «ጾም ነው» አሉ፤ «ነገሩ እስኪፈታ የሚወጣ የለም።»

ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አፌን ከፍቼም ነበር መሰለኝ፤ የሰዉን ሁሉ ፊት ሳይ መልሼ ዘጋሁት። ቆይ፣ ይህ ነገር በራሱ ያልፋል፣ አንድ ሁለት ሰው ይታረቃል፣ ይጸለያል፣ ከዚያ እንደምንም እወጣዋለሁ አልኩ።

ኑዛዜው ተጀመረ። ናቲ የሠፈሩን ልጆች ተሳድቦ እንደነበር ተናገረ። አንዱ ወንድማችን ጋዋን ሲታደል አጭሩ ስለደረሰው ዓመት ሙሉ አኩርፎ እንደኖረ አለቀሰ። አስናቀች የምትባል ጎረቤቴ፣ ሻይ ቤት ያላት፣ ወሬ እንደምታበዛ አመነች፤ ይህን እንኳ ሳትናዘዝም እናውቀው ነበር። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን፣ ቆመን ዘመርን። አዲሱ መዝሙር እንደገና ተበተነ። ሰዓቱ ሰባት ሆነ። ክፍሏ ጠበበችኝ። መስኮቱ ከፍ ያለ፣ በሩ የተቆለፈ፣ እኔ መሐል ላይ እንደ ሌባ ቆሜያለሁ።

«እስቲ እናስተውል» አሉ ጋሽ ቶሎሳ፣ ደክሟቸዋል። «የሚበላሸው አንድ መዝሙር ብቻ ነው። መዝሙሩ የመጣው በማን በኩል ነው?»

ሁሉም ወደ ጫልቱ ዞረ።

«ልጄ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ አሞኛል ብለሽ ቀርተሽ ነበር። ታመሽ ነበር ወይ?»

ጫልቱ መዋሸት አትችልም። «አልታመምኩም፣ ጋሼ» አለች።

«የት ነበርሽ ታዲያ?»

ቀና ብላ አየችኝ። የልመና አይደለም፣ የቁጣም አይደለም፤ ልናገር ወይስ ይናገራሉ የሚል አስተያየት ነው። እኔ የጋዋኔን ቁልፍ ማስተካከል ጀመርኩ።

«መናገር አልችልም» አለች።

አስናቀች ጣልቃ ገባች። «እኔ እኮ አይቻታለሁ። በጎባ መንገድ በባጃጅ ስትሄድ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ተሽሞንሙና። የታመመ ሰው እንደዚያ አይለብስም። ማን ጋ ነው የሄድሽው፣ ጫልቱ?»

«የሄድኩበት ሰው ጋ… ቃል ገብቻለሁ።»

«ቃል? ለማን?» አለ ናቲ። ፊቱ ተለወጠ። የሌሎቹም ተለወጠ። የታጨች ልጅ ተደብቃ ሄዳ፣ ለአንድ ሰው ቃል ገብቻለሁ ስትል ምን እንደሚታሰብ አታጡትም።

ሁለተኛ አየችኝ። አሁን ዓይኗ እንባ ሞልቶታል። እኔ ምን አደረግኩ? ውሃ ጠጣሁ። አፈር ያስበላኝ፣ ጾም ተብሎ ሳለ ከያዝኩት ጠርሙስ ውሃ ጠጣሁ።

ውስጤ ምን ይል እንደነበር ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ መጻፌ ዋጋ የለውም። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይል ነበር። «ልጅ ናት፣ ይረሳላታል፤ አንቺ ግን ከዚህ ከወረድሽ አትመለሺም» ይል ነበር። ደግሞ ክፉው ነገር፣ ትንሽ እፎይ ብዬ ነበር። የሚፈለገው ሰው ተገኘ፣ እኔ አይደለሁም።

ጋሽ ቶሎሳ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ ከንፈራቸውን አይቼ ነው ለስላሳ መሆኑን ያወቅኩት፣ «ጫልቱ፣ ከወንድ ጋር ነበርሽ?» አሏት።

«ጋሼ…»

«አዎ ወይም አይደለም በይ።»

«ያላችሁት ይሁን» አለች። ከአራት ሰዓት በላይ ቆማለች፣ አልበላችም፣ አልጠጣችም። «በቃ፣ ያላችሁት ይሁን።»

«እንግዲያው ጋዋንሽን አውልቂና ተቀመጪ። ነገሩ በሽማግሌ ይታያል።»

ጋዋኑን ስታወልቅ ሦስተኛ ጊዜ አየችኝ። አንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ አልፈታ ብሏት ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ እየታገለች አየችኝ። በቀኟ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ እጄን ሰድጄ ብፈታላት የምደርስ። አልፈታሁላትም። አጥፋ ወንበር ላይ አኖረችውና ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«አሁን እንዘምር» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

በክርኗ የምትነካኝ ልጅ የለችም። ናቲ መነሻውን ሰጠ፤ መቼ እንደሰጠ እንኳ አላወቅኩም። ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁ። ስገልጥ ናቲ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ማንም አልተቀበለኝም። ምን ያህል እንደሳትኩ ከፊታቸው ነው የገባኝ።

«አልፈታም ማለት ነው» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ልጅቷ ሁሉንም አልተናገረችም።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የበልግ በረዶ ጣሪያውን ወረደበት። የባሌ አገርን በረዶ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ክፍሉ ከበሮ ውስጥ የገባ ያህል ነው። ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን አንስተው ጠብቁ አሉ። ማንም ማንንም አይሰማም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላቸውም እንደ እኔ ሆኑ።

ልዩነቱ እኔ ለምጄዋለሁ። ሰዎቹ በበረዶው ጩኸት ተከልለው እርስ በርስ ያወራሉ፣ እኔ ከንፈራቸውን አያለሁ። አስናቀች ወደ ጎኗ ዞራ ለአንዷ እህት ጆሮዋ ላይ ጮኻ ትነግራታለች። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

«የእጮኛዋ እናት እኮ ለገበያ ሮቤ ስትመጣ ደንበኛዬ ናት። ነገ ጎባ ትመጣለች። ሠርጉ ሳይደርስ ብነግራት ነው የሚሻለው። ሰው ልጁን እንዲህ ላለች…»

የጨረሰችበትን ቃል አልጽፈውም።

እስከዚያ ድረስ ነገሩ እዚህች ክፍል ውስጥ የሚቀር መስሎኝ ነበር እኮ። ጋዋን ማውለቅ፣ ሁለት ወር መታገድ፣ ከዚያ መመለስ። አሁን ግን ልጅቷ በነጋታው ስሟ ጠፍቶ፣ ሠርጓ ፈርሶ፣ ብድሬ ወላጆቿ ፊት ምን ብላ ልትገባ ነው? ለእኔ በገባችው ቃል! ወደ አግዳሚው ዞሬ አየኋት። እጇን ጭኗ መሐል ከትታ መሬት መሬት ታያለች። አሁን እኔን ማየት ትታለች።

በረዶው እስኪያባራ መጠበቅ ከሕይወቴ ረጅሙ ነገር ነው። መጮኽ እችላለሁ፣ ሃያ ዓመት ወፍጮ ቤት ነው የኖርኩት፤ ግን ማንም አይሰማኝም። ሲያባራም እኔ አላወቅኩትም፤ ጋሽ ቶሎሳ ቀና ብለው ጣሪያውን ሲያዩ ነው ያወቅኩት።

«ጋሼ፣ የተሸሸገው ነገር እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አልሰማም። ጆሮዬ ጠፍቷል። ሐኪም ከነገረኝ ሦስት ወር ሆኖኛል። ኪቦርዱን አልሰማውም፣ እናንተንም አልሰማችሁም፤ የምታወሩትን ከንፈራችሁን እያየሁ ነው የምመልሰው። የድሮውን በልማድ እዘምራለሁ፣ አዲሱን ግን አልቻልኩም። ያን ቅዳሜ ጫልቱ የነበረችው ወፍጮ ቤት፣ እኔ ጋ ነው። ልታስጠናኝ። ቃል የገባችውም ለእኔ ነው።»

አስናቀች ቀድማ ተናገረች። «ጆሮሽስ ይሁን፣ እግዜር ይማርሽ። እሷ ግን በራሷ አፍ ያላችሁት ይሁን ብላለች። ሰው በራሱ ላይ ይዋሻል?»

«አስናቀች» አልኳት፣ «በረዶው ሲወርድ ለልጁ እናት ነገ እነግራታለሁ ያልሽውንና የመጨረሻዋን ቃልሽን እዚህ ልድገምልሽ?»

ፊቷ አመድ መሰለ። ያን ጊዜ አመኑኝ፤ ጆሮዬ መጥፋቱን ያረጋገጠላቸው በዚያ ሁሉ ጩኸት የሰማሁት እኔ ብቻ መሆኔ ነው።

ጋሽ ቶሎሳ «እውነት ነው ልጄ?» ብለው ጫልቱን ጠየቁ። ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው ሄደው ጋዋኑን ከወንበሩ አነሱ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው አግዳሚው ድረስ ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ። «እኔ ነኝ የበደልኩሽ። ይቅር በይኝ» አሉ። ተነሥታ ተቀበለቻቸው፣ ጉልበታቸውንም ሳመች።

ወደ እኔ ዞረው «ወይንሸት፣ ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» አሉኝ።

«ፈራሁ» አልኩ።

በሩ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ስልኩን ከሰፌዱ እያነሳ ሲወጣ ጫልቱን ልቅፋት እጄን ዘረጋሁ። ወደ ኋላ አላለችም፣ ዝም ብላ ታቀፈችልኝ። ከዚያ ፊቴን ቀጥ ብላ እያየች፣ እንድሰማት ቃሉን እየለየች፣

«አዳዳ፣ እኔ እኮ ሦስት ጊዜ አየሁዎት» አለችኝ።

እኔም ቆጥሬያለሁ አላልኳትም።

በማግሥቱ ጎባ አዲሱን መዝሙር ጫልቱ አወጣችው። እኔ ያለ ጋዋን ከሕዝቡ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ከንፈሯን ተከተልኩ። አማረ አሉ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። እኔ ምስክር መሆን አልችልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬው ግን ለካ በዚያው ቀን ዲንሾ ደርሷል፣ የልጅቷ ግማሽ ብቻ፣ የእኔ ግማሽ ሳይኖርበት። ሰኞ ወፍጮውን ዘግቼ በሚኒባስ ዲንሾ ሄድኩ። የልጁ እናት ፊት ተቀምጬ ከሐኪሙ ወረቀት ጀምሬ እስከ ጠርሙሱ ውሃ ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ካዳመጡኝ በኋላ «እንደዚህ ያለ ቃል የምትጠብቅ ልጅ ለልጄ አትበዛበትም ወይ?» አሉ። ሠርጉ በቀኑ ሆነ። እኔም ዱቄቱን ፈጭቼ ላክሁ።

መጨረሻው እንዲህ ካማረ ምን ሁለት ዓመት ያንገበግብሻል ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ሰው «ተናገርሽ እኮ፣ ያ ነው ትልቁ ነገር» ብሎኛል። ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ አይመሰገንም። እናንተ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ የእናንተን ነገር ሌላ ሰው ሲሸከምላችሁ ካያችሁ፣ መጀመሪያ ባያችሁ ጊዜ ተናገሩ። ሦስተኛው ላይ የሚናገር ሰው ራሱን ያድን ይሆናል፤ በሁለቱ መሐል የሆነውን ግን መልሶ አይሠራውም።

ጫልቱ አሁን ዲንሾ ነው የምትኖረው። ሮቤ ስትመጣ ገብሷን እኔ ጋ ታስፈጫለች፣ ሌላ ወፍጮ ቤት ሄዳ አታውቅም። አዳዳ ትለኛለች፣ ትስመኛለች፣ ጤናዬን ትጠይቀኛለች። ስታወራኝ ግን ጎንበስ ብላ የማዳበሪያውን አፍ እያሰረች ነው፤ ፊቷን አታሳየኝም። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ቀና በይና ንገሪኝ ልላት ስል አፌ እንቢ ይላል።